የቲዊ ደሴቶች የጨርቅ ሕትመትና የንድፍ ባለቤትነት ጥያቄ

ከአውስትራሊያዋ የዳርዊን ከተማ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት ባተርስትና ሜልቪል የተባሉት ደሴቶች የቲዊ ሕዝብ አገር ናቸው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን ከባሕሩና ከዱሩ ያገኝ ስለ ነበር፣ ዔሊው፣ አዞው፣ ሻርኩና የባሕር ዳር ወፎች ከጥበቡ አልተለዩም። ሆኖም ጂላማራ የሚባለው ንድፍ በመጀመሪያ የተሣለው በጨርቅ ላይ አልነበረም። ለሙታን መታሰቢያ በሚደረገው የፑኩማኒ ሥርዓት ላይ በሚጨፍሩት ሰዎች ገላና በመቃብር ዙሪያ በሚተከሉት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነበር እንጂ። ቀለሙም ከዚያው ከምድሪቱ የተገኘ ነው፤ ነጭና ቢጫ አፈር፣ ከከሰል የሚወጣ ጥቁር፣ ቢጫው አፈር በእሳት ሲጋይ ደግሞ ቀይ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ገደማ ማድሊን ክሊር የተባሉ የሥነ ጥበብ መምህርት፣ በ1911 በተቋቋመው የባተርስት ደሴት የካቶሊክ ሚሲዮን ውስጥ፣ ከካህናቱ መኖሪያ ሥር በነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ቢድ ቱንጉታሉምና ጂዮቫኒ ቲፑንግዉቲ የተባሉትን ሁለት ወጣቶች በእንጨት ማኅተም ማተምን አስጀመሯቸው። ቲዊ ዲዛይን የተባለው ድርጅት መነሻው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ሴቶች በጨርቅ ላይ እያተሙ ልብስ የሚሰፉበት ቢማ ዌርም ተመሠረተ። የእጅ ሥራ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንጨት መቅረጽ ለቲዊዎች ባዕድ ሙያ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው የተቀረጸውን እንጨት ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ መጫኑ ብቻ ነው። ትምህርቱ ሥር የሰደደው በነባሩ ችሎታ ላይ ስለ ተተከለ ይመስለናል።

ከማኅተሙ ቀጥሎ የመጣው በፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ውስጥ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ እየገፉ የማተም ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ፍሬም ያስፈልጋል። አንዱ ከሌላው ጥቂት ቢዛነፍ ንድፉ ይበላሻል። ድካሙ ከባድ ቢሆንም አንድ ንድፍ በብዙ ሜትር ጨርቅ ላይ ሊደገም ቻለ።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ በቀላሉ የሚደገም ነገር በቀላሉ ይሰረቃል። በዋናው ምድር በአርነም ላንድ የጋናልቢንጉ ወገን የሆኑት ሠዓሊ ጆኒ ቡሉን ቡሉን፣ በ1978 የሣሉትን የውሃ ወፎችና አበቦች ሥዕል የሚመስል የታተመ ጨርቅ ከውጭ አስገብቶ የሸጠ ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋቱን አመነ። የወገኑ የጋራ መብት ግን አከራካሪ ሆኖ ቀረ፤ ንድፉ የመላው ጋናልቢንጉ የተቀደሰ ቅርስ ነውና። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ1998 በሰጠው ፍርድ፣ የቅጂ መብት ሕጉ የወገንን የጋራ ባለቤትነት እንደማያውቅ ገልጾ፣ ሠዓሊው ግን ሥዕሉን ለወገኑ ጥቅም የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ እርሱ ይህን ሳይፈጽም ቢቀር ወገኑ ራሱ ወደ ዳኛ ሊቀርብ እንደሚችል አስታወቀ።