ብሌሮና ናይለን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት፣ ሳሙና የጠጣው ብሩሽ አገጫቸው ላይ ሊያርፍ ሲል በእጃቸው ገቱትና «ልጄ፣ ይህ የምን ፀጉር ነው?» አሉ። ወጣቱ ብሩሹን ገልበጥ አድርጎ አየው። «እንጃ አባባ፣ ተገዝቶ የመጣ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ሽማግሌው ነገር ሳያበዙ ከኪሳቸው የራሳቸውን አወጡ።

ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። ርካሹ የጺም ብሩሽ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ፀጉር የሚሠራ ነው። ሙስሊሙ በበዛበት ከተማ ይህን አውቆ ፊቱን የሚሰጥ ጥቂት ነው፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ደስ አይለው።

ባሕር ማዶ የተሠራ ዕቃ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ነዋሪው የግዙፋን ሰዎች አገር ነበረች በሚላት በሐርላ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ የቻይና ሸክላ፣ የብርጭቆ ዶቃና የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቷል። ድሬዳዋ ደግሞ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ፈረንሳይኛም አብሮት ወረደ። በዚያ ቋንቋ የጺም ብሩሽ «ብሌሮ» ይባላል፤ ብሌሮ ደግሞ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የአውሮፓ አውሬ ነው። ፀጉሩ ለስላሳና ውኃ ያዥ በመሆኑ ስሙ ለዕቃው ተረፈ። ዛሬ ናይለኑም ብሌሮ ነው!

የተፈጥሮ ፀጉር ግን ሰው ገድሏል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በጀርመን በኩል ይመጣ የነበረው የብሌሮ ፀጉር ተቋረጠ። ነጋዴዎች ከሩቅ ምሥራቅ የፈረስ ፀጉር እያስመጡ ቀለም ነክረው ብሌሮ አስመሰሉት። በደንብ ያልጸዳው ፀጉር አባ ሰንጋ ይዞ ነበር። የእኛ ገበሬ ከከብቱ ላይ የሚያውቀው በሽታ በምላጭ ጭረት እየገባ የወታደሩን ፊት አቆሰለ። ከ1915 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. በብሪታንያና በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ። የዚህ በሽታ ዘር ፈላ ባለ ውኃ ብቻ በቀላሉ አይሞትም። እንግሊዞች በ1920 የጃፓን የጺም ብሩሽ እንዳይገባ ከለከሉ።

ናይለን በ1938 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽ ላይ ብቅ አለ፤ ወደ ጺም ብሩሽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀድሞዎቹ ደረቅና ቆርቋሪ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ቀጭንና ለስላሳ ናቸው። የአሳማው ፀጉር ውኃ ስለሚመጥ አስቀድሞ መዘፍዘፍ ይፈልጋል፤ ሲውል ሲያድር ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ናይለኑ ውኃ የሚይዘው በክሮቹ መካከል ስለሆነ መዘፍዘፍ አያሻውም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ እንደ እንስሳው ፀጉርም አይሸትም። የብሌሮ ወዳጆች ሙቀቱንና አረፋውን ያወድሳሉ። እኔ በበኩሌ ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ናይለኑን እመርጣለሁ።

የሽማግሌውም ናይለን ነበር። ተላጭተው ሲጨርሱ አጥበው፣ አራግፈው፣ በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ተራዬ ደረሰ። ወጣቱ እያየሁት አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፈታ። ብሩሹን ግን ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን ፊት እንደዳሰሰ ሳይነግረኝ እዚያው ጣሳ ውስጥ ነከረው።

«በእጅህ ቀባኝ» አልኩት።