ጭነት የማታውቀው አይሱዙ

ከአውቶቡስ ተራ ወደ መርካቶ ስትገቡ መንገዱን ከሚያጨናንቁት የጭነት መኪናዎች መካከል «አይሱዙ» የሚል ስም የተጻፈበትን ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ስሙ በሀገራችን አፍ ከእህልና ከሲሚንቶ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ይኸው ፋብሪካ በአንድ ወቅት ለውበትና ለሩጫ የታሰበች ባለሁለት በር መኪና ሠርቶ እንደ ነበር የሚያስታውስ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እርስዋና ስለ መሰሎችዋ ነው።

ጃፓን ለእኛ እንግዳ ሀገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። በዚያ ዘመን ከዚያ ሀገር በብዛት የሚመጣልን የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ አውቶሞቢሉ የተከተለው ዘግይቶ ነው።

በ1960ዎቹ (ስለ ጃፓን የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የጃፓን ፋብሪካዎች ከጭነትና ከቤተ ሰብ መኪና አልፈው የስፖርት መኪና እንሥራ የሚል ምኞት አደረባቸው። ለዚህም ወደ ጣሊያን ሊቃውንት ዞሩ። አይሱዙ «117» ብሎ የሰየማትን ኩፔ ንድፍ ያወጣው፥ ያን ጊዜ ጊያ በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። መኪናይቱ በ1966 በጄኔቭ ኤግዚቢሽን ታየች፤ በ1968 መጨረሻ ለገበያ ቀረበች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አካልዋ አብዛኛውን በእጅ ይሠራ ስለ ነበር በወር የሚወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ሥራዋ በ1981 እስኪያበቃ ድረስ ከ80,000 በላይ ተሠሩ። የኒሳን የመጀመሪያይቱ «ሲልቪያ» ግን 554 ብቻ ናት። ሂኖም «ኮንቴሳ» የተባለች ቈንጆ ኩፔ ነበረችው፤ በ1966 ከቶዮታ ጋር ከተባበረ በኋላ ትንንሽ መኪና መሥራቱን ትቶ ወደ ጭነት መኪና ተመለሰ። አይሱዙም በ1993 እንዲሁ አደረገ።

እነዚህ መኪናዎች ለምን ተረሱ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሶማሌ ተራ መሄድ ይበቃል። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተተከለ መሆኑ ይታወቃል፤ ሶማሌ ተራ በበኩሉ የመኪና መለዋወጫ መናኸሪያ ሆነ። (ከተማው ስለዚህ ሰፈር የሚያወራውን ቀልድ እናንተም ስለምታውቁት አልደግመውም።) የዚያ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያውለው ብዙ ሰው በሚነዳው መኪና ዕቃ ላይ ነው። በ1980ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ዲኤክስ በከተማችን እስካሁን የምትሄደው ስለዚህ ነው። የዚያው የኮሮላ ቤተ ሰብ እኅቶች የሆኑት ሌቪንና ትሩኖ ኩፔዎች በጃፓን ስመ ጥር ሲሆኑ፥ እኛ ዘንድ ስማቸውን የሚያነሣ እምብዛም ነው።

በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት በሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከበደ። ከደመወዛችሁ አጠራቅማችሁ ልትገዙ የምታስቡ ስላላችሁ፥ ደላላው «ብዙም ያልተነዳች፥ የአንድ ሰው እጅ» ሲላችሁ ጥቂት ቆም በሉ። የብዙዎቹ የቈዩ መኪናዎች የኪሎሜትር ቈጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ነበረው፤ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 30,000 የሚያሳየው ቈጣሪ 130,000 ቈጥሮ ሊሆን ይችላል። የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፥ የሾፌሩ መቀመጫ ከሰመጠ፥ መሪውም በእጅ ብዛት ከተወለወለ ቈጣሪውን አትመኑ።

በእውነት ሳትነዳ የቆየችም ብትሆን ከችግር ነፃ አይደለችም። ለብዙ ዓመት የቆመች መኪና ጎማዋ ይሰነጠቃል፤ የፍሬን ዘይቷ ውሃ ይስባል፤ በታንኳ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ለኮሮላ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ከመርካቶ ተገዝቶ ይተካል። በአንድ መጋዘን ውስጥ ተሸፍና የቆየች 117 ኖራው ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው ግን «አይሱዙ» ብሎ ሲጠይቅ የሚቀርብለት የጭነት መኪና ዕቃ ነው።