ፈቃዱ የማን፣ ዱካው የማን?

በኬንያ ታሪክ ውስጥ «ነጭ አዳኝ» የሚባል ሙያ ነበር። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ሰው ሌሎች የውጭ ሀብታሞችን ዱር ለዱር እየመራ አንበሳና ዝሆን ያስገድላል፤ ለዚህም ይከፈለዋል። እንግዳ እንግዳን በሰው አገር ይመራል ማለት ነው። ይህ እንዴት እንደተቻለ ሳይጠየቅ ስለ ሳፋሪ ጀብዱ ብቻ ሲወራ ይገርመኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያውን በዓለም ያስተዋወቀው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን ባስረከበ በሳምንታት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1909 ሞምባሳ ወረደ። እሱና ልጁ ከርሚት በዚያ ጉዞ 512 እንስሳት ገደሉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ሌስሊ ታርልተን ነበር፤ ከቦር ጦርነት በኋላ ናይሮቢ መጥቶ የሳፋሪ ድርጅት ያቋቋመ አውስትራሊያዊ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓና የአሜሪካ ባለገንዘብ ናይሮቢን መንገዱ አደረጋት።

መሪ ለመሆን ምን ያስፈልግ ነበር? ጥሩ መተኮስ፣ አዎ። ነገር ግን ከመኳንንት ጋር ማዕድ መቅረብ መቻልም ትልቅ ብቃት ነበር። ብሮር ብሊክሰን የስዊድን ባሮን ነው፤ ኬንያ የመጣው ለእርሻ ነበር፣ የቡናው ነገር አልሆነለት ሲል አደን መምራት ያዘ። ዴኒስ ፊንች ሃተን የእንግሊዝ መስፍን ልጅ፣ ኦክስፎርድ የተማረ። ሁለቱ በ1928 የእንግሊዝን አልጋ ወራሽ ለአደን መርተዋል። ፊንች ሃተን በ1931 ዝሆኖችን ከአየር ላይ ሊያይ ወደ ቮይ በርሮ፣ ሲመለስ ገና ከመነሳቱ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ።

ድፍረታቸውን አልክድም። ደንበኛው ጎሽ አቁስሎ ሲያመልጠው፣ ደም እየተከተለ ጥሻ ውስጥ የሚገባው መሪው ነው። በእኛ አገር አንበሳ የገደለ ሰው «ገዳይ» እየተባለ የሚፎከርለት ራሱ ፊት ለፊት ስለቆመ ነበር። እዚያ ግን ክብሩ ይሸጣል፣ አደጋውን የሚሸከመው ሌላ ነው። በ1934 መሪዎቹ ናይሮቢ ኖርፎልክ ሆቴል ተሰብስበው የምሥራቅ አፍሪካ ሙያተኛ አዳኞች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሄሚንግዌይን ያስጎበኘው ፊሊፕ ፐርሲቫል ለረጅም ዘመን ፕሬዚዳንቱ ነበር። አደን በዚህ መንገድ ሥርዓትና ማዕረግ ያለው ሙያ ሆነ።

ዱካውን የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ከነጩ ቀድሞ የሚሄደው ካምባ ወይም ሌላ የአገሬው ሰው ነው፤ የስንብሌጡን አወዳደቅና የፋንድያውን ሙቀት አይቶ መንጋው መቼ እንዳለፈ ይናገራል። የደመወዝ መዝገቡ «ዱካ ፈላጊ» ወይም «ጠመንጃ ተሸካሚ» ይለዋል። ሙያተኛ አይለውም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የዋታዎች ነገር ነው። በጻቮ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ከኦሮምኛ የሚመደብ ቋንቋ የሚናገሩ የዝሆን አዳኞች ናቸው። ለመሳብ ብርቱ ክንድ በሚጠይቅ ረጅም ቀስትና ከዛፍ ተቀቅሎ በሚወጣ መርዝ ዝሆን ይጥሉ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሕግ ግን ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቃዱ ደግሞ ገንዘብና ጠመንጃ ላለው ነው። በ1948 ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው ዘመቻ ብዙ ዋታዎች «ሕገወጥ አዳኝ» ተብለው ታሰሩ። እርግጥ ነው፣ የዝሆን ጥርስ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ባለፈቃዱ ደንበኛ ያንኑ ጥርስ ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ማንም ሌባ አላለውም።

በ1960 መንግሥት ዋታዎች በሕግ እያደኑ እንዲኖሩ በጋላና ወንዝ አካባቢ አንድ ዕቅድ ጀመረ። ብዙ አልቆየም፤ መሬቱ የከብት እርባታ ሆነ።

በግንቦት 1977 ኬንያ አደንን በአዋጅ ከለከለች። የአዳኞቹ ማኅበርም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ሥራውን መቀጠል የፈለጉት ነጭ አዳኞች ጠመንጃቸውንና የደንበኞቻቸውን አድራሻ ይዘው ወደ ሱዳን፣ ወደ ዛምቢያና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገሩ፤ እዚያም አዲስ ፈቃድ አወጡ። የዋታው እውቀት ጻቮ ውስጥ ያለ እውቀት ነው፤ የትኛው ኩሬ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው መንጋ በየት እንደሚያልፍ። ይህን የሚቀበል የፈቃድ ቢሮ በየትኛውም አገር አልነበረም።