ሦስት ዓመት ተኩል በጉግል ደጅ

ዌብሳይቱ አልተዘጋም። አድራሻውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ገብቶ ይጠቀምበታል። ጉግል ላይ የሚፈልገው ሰው ግን አያገኘውም። ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ ተቀምጦ መንገዱ ቢታጠርበት እንደማለት ነው።

ይህ የደረሰው እንግሊዝ ውስጥ፣ በጁን 2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አዳም ራፍ እና ሺቮን ራፍ የተባሉ ባልና ሚስት ጥሩ ሥራቸውን ለቀው «ፋውንደም» የሚባል የዋጋ ማነጻጸሪያ ዌብሳይት ሠሩ። አንድን ዕቃ ማን በስንት እንደሚሸጠው ጎን ለጎን ያሳያል። ገዢው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሻጩ ገጽ ሲሻገር ሻጩ ለፋውንደም ትንሽ ኮሚሽን ይከፍላል። እንግዲህ ጎብኚ ከሌለ ገቢ የለም። ሥራ በጀመሩ በቀናት ውስጥ ጉግል ላይ «የዋጋ ማነጻጸሪያ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ዌብሳይቱ ማንም ወደማይደርስበት ገጽ ወረደ።

ባልና ሚስቱ መጀመሪያ ስሕተት መሰላቸው። አይፈለጌ ገጾችን የሚያጣራው አውቶማቲክ ሥርዓት በስሕተት ይዟቸው ይሆናል፣ ለሚመለከተው ሰው ብንነግረው ይስተካከላል አሉ። እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ የቢኤምደብሊው የጀርመን ዌብሳይት የፍለጋ ሥርዓቱን ለማታለል ብቻ የተሠሩ ገጾች ተገኝተውበት ከጉግል ውጤት ተሰርዞ ነበር። ኩባንያው ገጾቹን አነሣ፣ በቀናት ውስጥም ተመለሰ። ጥፋቱ የታወቀው ትልቁ ኩባንያ በቀናት ሲመለስ፣ ጥፋታቸው ያልተነገራቸው ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ተኩል ደጅ ጠኑ። የድሮው ባለጉዳይ ቢያንስ የጌታውን ደጅ ያውቀው ነበር።

በያሁ እና በማይክሮሶፍት የፍለጋ አገልግሎቶች ላይ ያው ዌብሳይት በጥሩ ደረጃ ይታይ ነበር። በ2008 መጨረሻ ደግሞ የቻናል 5 «ጋጄት ሾው» ፕሮግራም የአገሪቱ ምርጥ የዋጋ ማነጻጸሪያ ብሎ መረጠው። ጉግል ላይ ግን ያው ነው።

ደረጃው ለወረደበት ሰው ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው፤ ይዘትህን አሻሽል፣ የተደጋገመውን አጥፋ፣ ታገሥ። ምክሩ ከንቱ አይደለም። ጉግል በፌብሩዋሪ 2011 «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ ሲያወጣ የተመታው ሃብፔጅስ በዚያው ዓመት የእያንዳንዱን ጸሐፊ ሥራ በየራሱ ንዑስ አድራሻ ለይቶ ካጣው ጎብኚ የተወሰነውን አስመልሷል። ምክሩ የሚሠራው ግን ደረጃ የሚሰጠው አካል በገበያው ውስጥ የራሱ ዕቃ ከሌለው ነው። ጉግል «ፍሩግል» የሚባል የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ የጀመረው በ2002 ነበር። ዳኛው ተወዳዳሪም ነበር ማለት ነው።

ለጉግል ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፈላጊ ሰው ከአንድ የውጤት ዝርዝር ወደ ሌላ የውጤት ዝርዝር መላክ አይፈልግም፣ ብዙዎቹ የማነጻጸሪያ ገጾችም ከሻጮች የተቀዳ ጽሑፍ ናቸው ይላል። እኔም በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ቆይቶ እንዳረጋገጠው፣ ተወዳዳሪዎችን ወደ ታች የሚያወርደው ስልተ ቀመር የጉግልን የራሱን አገልግሎት አይነካም ነበር።

ባልና ሚስቱ በኖቬምበር 2009 ለኮሚሽኑ አቤት አሉ። በዲሴምበር የፋውንደም ቅጣት ተነሣ፣ ደረጃውም ተመለሰ። ሦስት ዓመት ተኩል በጉግል በር ያላገኙት መልስ አቤቱታው ብራስልስ በገባ በሳምንታት ውስጥ መጣ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ አንባቢ ቀኖቹን አይቶ ይፍረድ።

ያም ሆኖ የተመለሱበት ገበያ የድሮው አልነበረም። ጉግል የራሱን የዕቃ ሥዕልና ዋጋ ከውጤቱ ሁሉ በላይ መደርደር ጀምሮ ነበር። በኮሚሽኑ ግኝት መሠረት ከተወዳዳሪዎቹ የተሻለ ደረጃ ያለው እንኳ በአማካይ የሚታየው በ4ኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከጠቅታው 95 በመቶ ያህሉ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያልቃል። ብሪታንያ ውስጥ አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ከጉግል ይመጣላቸው ከነበረው ጎብኚ 85 በመቶውን በድንገት አጥተዋል፤ ጀርመን ውስጥ እስከ 92 በመቶ። ኮሚሽኑ ይህን ለማረጋገጥ 1.7 ቢሊዮን ገደማ የፍለጋ ጥያቄዎችን የያዘ 5.2 ቴራባይት መረጃ መረመረ።

የፍርዱ ፍጥነት ግን የኢንተርኔት ፍጥነት አይደለም። መደበኛው ምርመራ የተከፈተው በ2010 ነው። ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ የተደረገው ድርድር ዓመታት ፈጅቶ ከሸፈ። ማርግሬት ቬስታገር ኮሚሽነር ሆነው ከመጡ በኋላ በጁን 27 ቀን 2017 የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ተወሰነ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ጉግል ይግባኝ ጠየቀ፣ በ2021 ተረታ። እንደገና ይግባኝ አለ፤ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ላይ ቅጣቱን አጸና።

ፋውንደም ግን በ2016 ተዘግቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ውሳኔ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ከመጨረሻው 8 ዓመት ቀድሞ። ቅጣቱም ቢሆን የሚገባው ወደ ኅብረቱ በጀት እንጂ ወደ ባልና ሚስቱ ኪስ አይደለም። ካሳ ለማግኘት ለብቻው ለንደን ላይ የፍትሐ ብሔር ክስ መመሥረት ነበረባቸው።