የሙዚቃ መሣሪያ አምፕሊፋየር፦ የኤሌክትሪክ ኃይል ችግር በቤት ውስጥ

የጊታር፣ የኪቦርድ ወይም የኤሌክትሪክ ክራር ድምፅ ማጉያ ኃይል ሲያጣ ወይም ኃይሉ ሲዋዥቅ የሚደርስ እክል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ሰንዳፋ፣ እንደ መላው ኢትዮጵያ፣ የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው።

ምርመራ፦ ማጉያው ካልበራ በቅድሚያ ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ይፈተሻል፤ ቀጥሎ ገመዱና ፊውዙ ይታያሉ። የተቃጠለ ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር ይተካል፤ ዳግም ከተቃጠለ ብልሽቱ ውስጥ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ማጉያ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የግራውንድ መስመር ጉድለት ምልክት ነው።

ጥንቃቄ፦ መብራት ሲጠፋ ማጉያው ከሶኬት ይነቀል። ኃይል ለሚዋዥቅበት ቤት ስታቢላይዘር ይረዳል። ካፓሲተሮች ማጉያው ከተነቀለም በኋላ ለሕይወት አስጊ ኃይል ሊይዙ ስለሚችሉ ክዳኑን ባለሙያ ብቻ ይክፈተው።