የቴምብር ቀረጥና የድሃው ጋዜጣ

መንግሥት ጋዜጦችን ይደጉም ወይስ ያስከፍል የሚለው ክርክር ትናንት የተወለደ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። የእንግሊዝን የቴምብር ቀረጥ ታሪክ ቢመረምሩ በተጠቀሙ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1712 የተጣለው ይህ ቀረጥ በ1815 በቅጂ አራት ፔኒ ደረሰ። መከፈሉን የሚያሳይ ማኅተም በወረቀቱ ላይ ይመታ ነበር። የ1819ኙ ሕግ ደግሞ ርካሽ የፖለቲካ ጽሑፎችን ሳይቀር በቀረጡ ሥር አዋለ፤ ግምጃ ቤት ለመሙላት ሳይሆን ሠርቶ አደሩ እንዳያነብ ነበር።

በ1831 አታሚው ሄንሪ ሄዘሪንግተን «የድሃው ሰው ዘብ» የተሰኘውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያለ ማኅተም በአንድ ፔኒ አወጣ። ሕግ ጥሶ እንደሚታተም በጋዜጣው ራስጌ ላይ በግልጽ አስፍሮ ነበር! እሱ ታሰረ፤ በየጎዳናው ያዞሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሻጮችም ወኅኒ ወረዱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ማኅተም ያረፈበት ጋዜጣ በፖስታ ቤት በኩል ያለ ክፍያ ይጓጓዝ ነበር። ስለዚህ ያው ማኅተም ከፍሎ ለሚያሳትመው ባለጸጋ ድጎማ፣ ለድሃው አንባቢ ደግሞ የተዘጋ በር ሆነ። ቀረጡ በ1836 ወደ አንድ ፔኒ ቢወርድም፣ ያለ ማኅተም በሚያትሙት ላይ ቅጣቱ ጠነከረ። የማስታወቂያው ቀረጥ በ1853፣ የቴምብሩ በ1855፣ የወረቀቱ በ1861 ተሻረ።

ስዊድን በ1971 ነገሩን ገለበጠችው። ማስታወቂያን አስከፍላ በየአካባቢው ገበያ የተበለጡትን ጋዜጦች መደጎም ጀመረች። ገዥው ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የራሱን ጋዜጦች ሊያድን ነው የሚል ሙግት ተነሣ፤ ሙግቱም መሠረት ነበረው። ይሁንና ድጎማው የሚሰፈረው በሚኒስትር ፈቃድ ሳይሆን በስርጭት መጠን ስለነበር፣ ብዙ ከተቀበሉት አንዱ ወግ አጥባቂው «ስቬንስካ ዳግብላዴት» ሆነ።