በአይሁድ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ዐረቡ ጎረቤት የተነሣ ክርክር

የአንድን ሕዝብ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ያ ሕዝብ ከሌላው ጋር ያደረገውን ጠብ ይተርካሉ፤ በገዛ ራሱ ውስጥ ያደረገውን ክርክር ግን ብዙ ጊዜ ችላ ይሉታል። ስለ ፍልስጥኤም የሚጻፈውም ከዚህ ጉድለት አያመልጥም። አይሁዳዊና ዐረብ ፊት ለፊት ተሰልፈው ይታዩናል፤ ከአይሁዳውያን መካከል ወገናቸው ዐረቡን መናቁን የነቀፉ ሰዎች ገና ከመጀመሪያው እንደ ነበሩ ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ነው። ጥያቄያችንም፣ ድምፃቸው መቼ ሰሚ አጣ፣ መቼስ ፍሬ አፈራ የሚል ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1891 ዓ.ም. አሐድ ሃዓም በሚል የብዕር ስም የታወቀው ደራሲ አሸር ጊንዝበርግ ፍልስጥኤምን ጐብኝቶ ሲመለስ ያየውን በዕብራይስጥ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። በውጭ አገር ያሉት አይሁዳውያን ምድሪቱን ባዶ አድርገው ይገምቷት ነበር፤ እርሱ ግን ሊታረስ የሚችለው መሬት አብዛኛው የታረሰ መሆኑን ገለጸ። ከሰፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዐረቦችን በጭካኔ እንደሚይዙና በከንቱ እንደሚያዋርዱም አስጠነቀቀ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር፣ አሐድ ሃዓም ራሱ ለአይሁድ ብሔራዊ መነሣሣት የቆመ ሰው እንጂ ጠላቱ እንዳልነበረ ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ ይስሐቅ ኤፕሽታይን የሚባል መምህር በባዝል ከተማ ንግግር አደረገ። ኤፕሽታይን በሰሜን ፍልስጥኤም የኖረ ስለ ሆነ የመሬቱን ግዢ በዓይኑ አይቷል። መሬቱን የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ በከተማ የሚቀመጡ ባለርስቶች ሲሆኑ ከቦታው የሚነቀሉት ግን ለብዙ ዘመን ያረሱት ጭሰኞች ነበሩ። ሽያጩ በሕግ ትክክል ቢሆንም እንኳ በፍትሕ ፊት እንደሚያስጠይቅ አስረዳ። ንግግሩ በ1907 ታትሞ ወጣና ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት። ዐረቡ ወገኖቹ ሊያዩት ያልፈለጉት ጥያቄ ሆኖ ነበርና።

በ1925 በኢየሩሳሌም ብሪት ሻሎም፣ ማለት የሰላም ቃል ኪዳን፣ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ከአባሎቹ መካከል ሁጎ በርግማን፣ ሐንስ ኮንና ጌርሾም ሾለም ይገኙ ነበር። ሐሳባቸው ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ አገር እኩል መብት ይኑራቸው የሚል ነው። ይሁን እንጂ በ1929 በተነሣው ሁከት 133 አይሁዳውያንና 116 ዐረቦች ሲሞቱ ሰሚያቸው ከቀድሞው ይልቅ አነሰ። በ1942 የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ይሁዳ ማግነስ ከፈላስፋው ማርቲን ቡበር ጋር ኢኹድ የሚባለውን ማኅበር አቁሞ ያንኑ ሐሳብ አነሣው። በዐረቦቹም በኩል ተመሳሳይ አደጋ ነበር። ፈውዚ አል ሑሰይኒ በኅዳር ወር 1946 ለመቀራረብ ከሚሠሩ አይሁዳውያን ጋር ስምምነት በፈረመ በጥቂት ቀን ውስጥ በገዛ ወገኖቹ እጅ ተገደለ። በ1948 ጦርነት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጥኤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ማግነስም በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ።

በእስራኤል የቀሩት ዐረቦች ዜግነት ቢሰጣቸውም እስከ 1966 ድረስ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ኖሩ። በጥቅምት 29 ቀን 1956 በከፍር ቃሲም መንደር ሰዓት እላፊው በድንገት ወደ 11 ሰዓት ተሳበ። በእርሻና በሥራ ላይ የዋሉት ሰዎች ይህን ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የድንበር ፖሊሶች ተኩሰው ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ 50 ያህል ሰው ገደሉ። መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ቢሞክርም ሁለት የፓርላማ አባሎች፣ ዐረቡ ተውፊቅ ቱቢና አይሁዳዊው ማየር ቪልነር፣ ነገሩን ይፋ አወጡት። በ1958 ዳኛው ቤንያሚን ሃሌቪ፣ ሕገ ወጥነቱ በግልጽ የሚታይ ትእዛዝ ሲሰጥ ወታደር አልታዘዝም ማለት ግዴታው ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ በእስራኤል ሕግ ውስጥ ጸንቶ ቀረ። ይሁን እንጂ የተቀጡት ሰዎች በሙሉ እስከ 1960 ድረስ ከእስር ወጡ፤ የብርጌዱም አዛዥ የተፈረደበት መቀጫ 10 ፕሩታ፣ ማለት እዚህ ግባ የማይባል ሳንቲም፣ ነበር።

በ1984 ራቢ ሜኢር ካሃነ ዐረቦችን ከአገር እናስወጣ እያለ ለፓርላማ ተመረጠ። የአይሁዳዊና የአይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ጋብቻ እንዲከለከልም የሕግ ረቂቅ አቀረበ። በዚህ ጊዜ የተቃወመው ግራው ወገን ብቻ አይደለም፤ የሊኩድ ፓርቲ አባል ሚካኤል ኤይታን ረቂቆቹን ከ1935ቱ የናዚ የኑረምበርግ ሕግ ጋር ጐን ለጐን አድርጎ አመሳሰላቸው። በ1985 ዘረኝነትን የሚያነሣሣ ፓርቲ ለምርጫ እንዳይቀርብ ተደነገገ፤ በ1988ም የካሃነ ፓርቲ ካኽ ታገደ። ነገር ግን በወጣትነቱ የካኽ ተከታይ የነበረው ኢታማር ቤን ግቪር በ2022 መጨረሻ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ንቀት የሚጀምረው ጎረቤትን ካለማየት ነው። አሐድ ሃዓምና ኤፕሽታይን ያደረጉት ያዩትን መናገር ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ ሥልጣን የሌለው ሕሊና ብቻውን አይበቃም፤ ብሪት ሻሎምና ኢኹድ ይህን ያስረዱናል። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ሕሊና የማይጠብቀው ሕግ ደግሞ ባዶ ይሆናል፤ የከፍር ቃሲም መቀጫና የ2022ቱ ሹመት ምስክሮች ናቸው። ከዚህ በላይ ግን ቱቢና ቪልነር አንድ ላይ በተናገሩ ጊዜ የተደበቀው መገለጡን ልንዘነጋ አይገባም። ተበዳዩ ራሱ ሳይናገር ከበዳዩ ወገን የተነሣ ተከራካሪ ብቻውን የሚያደርሰው ቅርብ ነው፤ ሁለቱ ሲቀናጁ ግን ዳኛም ፓርላማም ሊሰማ ይገደዳል። ስለዚህ የገዛ ወገንን መገሠጽ ክህደት ሳይሆን የወገን ፍቅር አንዱ መልክ ነው ብለን እንደመድማለን።